አስቸኳይ የምትለዋ ቁልፍ

«ችግር የለም ጌታዬ፣ ዝም ብለው ይላኳቸው፤ አስቸኳይ ብዬ አስገባቸዋለሁ» አለች የካርድ ክፍሏ ልጅ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ መስኮቱ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ዝቅ ያለ ድምፅም ይሰማል። እናቷን ይዛ የመጣችው ዲዛይነር ሰማች። ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ስትጽፈውና ስትሰርዘው የቆየችው ዓረፍተ ነገር በትልልቅ ፊደል ተቀምጧል፦ «ማንም ማንንም አይቀድምም።» ቀና ብላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የተራ ሰሌዳ አየች። ቁጥሮቹ ብልጭ ብልጭ አሉና አንድ አዲስ ቁጥር ከላይ ገብቶ ሌሎቹን ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ታች ገፋቸው። የእናቷም ቁጥር አብሮ ወረደ።

የክሊኒኩ አዳራሽ ጠባብና ረጅም ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ነጭ ነበር፣ የሰው ጭንቅላት የተደገፈበት ቦታ ግን በተርታ ጠቁሯል። አግዳሚዎቹ ወለሉ ላይ በብሎን ስለታሰሩ እግሩን መዘርጋት የፈለገ ሰው የፊተኛውን ጀርባ መግፋቱ አይቀርም። አንድ ዓይናቸው በፋሻ የታሸገ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ መብራቱን ሲሸሹ አንገታቸውን የደፉ ሰዎች ሞልተውበታል። የዓይን ሐኪሙ እዚህ የሚቆየው እስከ ምሳ ሰዓት ነው፤ ከዚያ ወደ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል፣ ያልደረሰው ሰው ቀጠሮ ይዞ ይመለሳል። እናትየዋ የታጠፈ መሀረብ ቀኝ ዓይኗ ላይ ተጭና በግራዋ ሰሌዳውን ትከታተላለች። ሕመሙ ከዓይኗ አልፎ ጥርሷ ሥር ድረስ እንደሚወጋት ለልጇ የነገረቻት ታክሲ ውስጥ ነበር። እዚህ ከገቡ ወዲህ አንድም ጊዜ አመመኝ አላለችም። ሰው ፊት አያማትም።

ሰሌዳውን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ስሙ «ተራ» ነው፤ የጻፈው ደግሞ የዲዛይነሯ ወንድም ነው። እሱና በየከተማው የተበታተኑ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች በትርፍ ጊዜያቸው ጀምረውት፣ ኋላ ወንድምየው ለሱ ሲል መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ጥሎ ወጣ። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ክሊኒክ ሳይከፍል ያወርደዋል፣ የፈለገ ባለሙያ ከፍቶ ያየዋል፣ የጎደለ ካለ ይሞላበታል። እስካሁን የጎደለው ፊት ነበር። ድረ ገጹን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ዝርዝር ጥቁር ጽሑፍ ብቻ ስለነበር፣ ወንድምየው «የሰው ካፌና የሰው ሆቴል ስታሳምሪ ኖረሽ የወንድምሽን አታሳምሪም ወይ» ብሎ መነሻ ገጹን እንድትሠራለት ለመናት። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለቱ የዚያን ቀን ያህል አውርተው አያውቁም። ገጹን ዛሬ አመሻሽ ላይ የጤና ቢሮ ኃላፊዋ በቪዲዮ ስብሰባ ታየዋለች፤ ከወደደችው «ተራ» በከተማው ጤና ጣቢያዎች በሙሉ ይገባል፣ ካልወደደችው ሌላ ድርጅት ተረኛ ነው።

እናትየዋ ይሄን ሁሉ የምታውቀው በአንድ ቃል ነው፦ ሰሌዳውን የሠራው ልጄ ነው። ገና ሲቀመጡ አጠገቧ ላለው ሰው ነግራዋለች። ሰውየው ቁልፍ ሠሪ ነው፤ የመሣሪያ ቦርሳውን እግሮቹ መሀል አስቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጭኖ፣ ሰሌዳው ቁጥር ሲጠራ በጆሮው ይከታተላል። አንድ ዓይኑን ከዓመታት በፊት ከቁልፍ መቅረጫው ማሽን የዘለለ የብረት ፍንጣሪ አጥፍቶበታል፤ ሌላኛው ሰሞኑን ጭጋግ ለብሶበት የቁልፍ ጥርስ መለየት ተስኖታል። እናትየዋ ስትጠይቀው «አንደኛዋ ጡረታ ወጥታለች፤ ይቺኛዋ ሥራውን ብቻዋን ስትሠራ ከርማ አሁን ብታኮርፍ አይፈረድባትም» አላት። እናትየዋ በመሀረቧ ሥር ሳቀች። የልጇ ፕሮግራም ስም ግን እንደማይጥማት አልደበቀችም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ ተራ ብሎ መጥራት ተራ ነገር ያስመስለዋል ባይ ናት። ቁልፍ ሠሪው ስሙ ተራም ይሁን ምንም ይሁን፣ ብቻ ተራችንን አያጥፋብን አለ። ቁጥሩ ከእናትየዋ ቁጥር በአንድ ይቀድማል። እኔ ስገባ ለመግባት ይዘጋጁ፣ እንቅልፍ እንዳይወስድዎት ብሏታል።

ብዙም ሳይቆይ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ አንድ ሽማግሌ በክንዱ ደግፎ ገባ። አልተቀመጡም፤ ቁጥራቸው ተጠራ፣ በሩ ተከፈተላቸው። ከኋላ አግዳሚ ላይ ያለች ሕፃን ያዘለች ሴት እኛ ሳይነጋ መጥተን አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። ሌላው ዛሬ ይሄ ሦስተኛው መሆኑን ጨመረ። ማጉረምረሙ ከአግዳሚ አግዳሚ እየዞረ መጣና እናትየዋ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ጠዋት የተናገረችውን ብዙ ሰው ሰምቷልና። ዓይኑ በፋሻ የታሸገ ወጣት ዞር ብሎ «እናቴ፣ ሰሌዳውን የሠራው የእርስዎ ልጅ ነው አሉ። ልጅዎ መቁጠር አያውቅም እንዴ?» አላት። ሰዎች ሳቁ። ደግ ሳቅ አልነበረም። እናትየዋ መሀረቧን ገልብጣ እንደገና አጠፈችው። የመለሰላት ቁልፍ ሠሪው ነው፤ ማሽን ምን ታድርግ፣ የሚነካት ሰው ነው እንጂ አለ። እናትየዋ እየቀለደላት መሆኑን ለማወቅ ፊቱን አየችው። አልቀለደም። ዲዛይነሯ ላፕቶፗን ዘጋችና ወደ መስኮቱ ሄደች።

የካርድ ክፍሏ ልጅ የደከማት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ የተቆረሰ ዳቦ በወረቀት ተጠቅልሎ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጧል። ዲዛይነሯ አሁን የገቡት ሽማግሌ ድንገተኛ ሕመም ገጥሟቸው እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ የሥራ አስኪያጁ እንግዳ ናቸው አለች፣ ያ መልስ የሚሆን ይመስል። ዲዛይነሯ ሳትሄድ ስትቀር ልጅቷ ግራ ቀኝ አየችና ኮምፒውተሯን ትንሽ አዞረችላት። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ትንሽ ቀይ ቁልፍ አለች፤ «አስቸኳይ» ትላለች። ድሮ እሷን የነካ ሰው ምክንያቱንና ያዘዘውን ሐኪም ሳይጽፍ አታልፍም ነበር፣ የጻፈውም አይጠፋም ነበር። ፕሮግራሙ ከታደሰ ወዲህ ግን ምንም አትጠይቅም። «ስትጠይቅ እኔ ደስ ይለኝ ነበር» አለች ልጅቷ። «የሚደውል ሲደውል ማሽኑ እምቢ አለ እላለሁ፣ አለቀ። አሁን ምን ብዬ እምቢ ልበል? እኔ ማነኝ?»

ያን ጊዜ ነርሷ የሐኪሙን በር በትከሻዋ ገፍታ ብቅ አለችና ሐኪሙ ከእንግዲህ የሚያየው አምስት ሰው ብቻ ነው፣ ሌሎቻችሁ ከመስኮቱ ቀጠሮ ውሰዱ ብላ ተናገረች። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም በሆዱ ይቆጥራል። ዲዛይነሯም ቆጠረች። ቁልፍ ሠሪው አምስተኛ ነው። እናቷ ስድስተኛ ናት።

ደረጃው ጋ ወጥታ ለወንድሟ ደወለች። ገና ሃሎ ሳትል ገጹ ደረሰ ወይ አላት። ስለ ቀዩዋ ቁልፍ ስትጠይቀው ግን የኪቦርዱ ኳኳታ ቆመ። ከዚያ እንደ ተዘጋጀበት ሰው መናገር ጀመረ። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ወይ ምክንያት መጠየቋን አጥፋ ወይ ፕሮግራምህን ይዘህ ውጣ ብሎታል። ይዞ ቢወጣ ወደ ድሮው ነው የሚመለሱት፤ ድሮ ሰው የሚገባው በክርኑ ነበር። አሁን ቢያንስ ብዙው ሰው በተራው ይገባል። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ፣ ሌላ ከተማ ያለች ነርስ፣ የምክንያት ጥያቄዋ ለምን ወጣች ብላ ጽፋ ነበር፤ በኋላ እናየዋለን ብሎ ዘግቶታል። ደግሞም የደበቀው ነገር የለም፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ የፈለገ ሰው ገብቶ ያየዋል። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ከተናገረ በኋላ ድምፁ ተለወጠ።

«እማዬ ስንተኛ ናት?»

«ስድስተኛ።»

«ስንት ሰው ይገባል?»

«አምስት።»

በአዳራሹ በር መስተዋት በኩል እናቷ ትታያታለች፤ ሰው የማያያት መስሏት ግንባሯን የፊተኛው አግዳሚ ጀርባ ላይ ደፍታለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ወንድምየው በጣም በቀስታ፣ ለካርድ ክፍሏ ልጅ ልደውልላት ወይ አለ። እናታቸው አጠገብ ያለውን አምስተኛ ሰው አላወቀውም፤ እንዲያውቀው እሷ ልትነግረው ይገባ ነበር። አልነገረችውም።

«ደውልላት» አለችው።

ተመልሳ ከመቀመጧ የእናቷ ቁጥር ተጠራ። እናትየዋ ወረቀቷን ወደ ደህናው ዓይኗ አስጠግታ አየችና፣ ይሄ እኮ የእኔ ነው፣ ከሳቸው በፊት እንዴት ይሆናል አለች። ቁልፍ ሠሪው ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ፤ ዓይኑ እንዳልያዘለት ያስታውቃል። «ይግቡ፣ ይግቡ። ማሽኗ ያወቀችው ነገር ይኖራል» አለ፣ ቦርሳውን ከመንገዷ ሳብ እያደረገ። እናትየዋ አሁንም አልተነሳችም። ልጇ ክንዷን ያዘች፤ ከሚገባው በላይ ጠበቅ አድርጋ ነው የያዘቻት፣ ምልክቱ ማታ ድረስ ቆይቷል።

ሐኪሙ ብዙ አይናገርም። አገጯን ብረቱ ላይ አስደግፎ ዓይኗን አየ፣ ለካ፣ እንደገና ለካ። ዓይኗ ውስጥ ያለው ግፊት በጣም ከፍ ብሎ ነበር፤ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጥቷት እዚያው አልጋ ላይ አስተኛት፣ ግፊቱ ሲወርድ ዓይኗን በጥጥ ሸፍኖ ጠዋት፣ ቀንና ማታ የሚጨመር ጠብታ አዘዘላት። ለልጇ ሲነግራት፣ አንድ ሁለት ቀን ቆይታችሁ ቢሆን ይሄን ዓይን አላተርፈውም ነበር አለ። ዲዛይነሯ ደስ አላት፤ ግን ደስታው ብቻውን አልመጣም።

ሲወጡ አዳራሹ እየተጸዳ ወንበሩ ሁሉ እርጥብ ነው። ቁልፍ ሠሪው መስኮቱ ጋ ቆሞ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ወደ ብርሃኑ ያዞራል፣ ያርቃታል፣ ያስጠጋታል። የጫማቸውን ድምፅ ሰምቶ ዞረና እናትየዋን ምን አሉዎት ብሎ ጠየቃት፤ ዓይኗ መትረፉን ስትነግረው ተመስገን አለ፣ ከልቡ። ከዚያ ወረቀቷን ለዲዛይነሯ ዘረጋላት። «አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የሚለው? ይቺ ሴትዮ በችኮላ ነው የጻፈችው መሰለኝ።» ጽሑፉ የታተመ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ደማቅ። ዲዛይነሯ ቀኑን አነበበችለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቁልፍ ሠሪው ቀኑን ለራሱ ደገመው፣ እስከዚያ ይቺ ዓይኔ ትታገሠኝ እንደሆን እንጃ አለና ቦርሳውን አንስቶ ግድግዳውን በእጁ ጀርባ እየነካ ወጣ። እናትየዋ በአንድ ዓይኗ ተከተለችው። ከዚያ ያንኑ ዓይን ልጇ ላይ አሳረፈችው።

እናትና ልጅ የሚኖሩት በመንገድ ዳር ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። ከሥር ላውንደሪ ስላለ ደረጃው ሁልጊዜ እንፋሎትና ሳሙና ይሸታል። የውስጠኛው ክፍል የእናት ነው፤ ፊተኛው ሳሎንም፣ ቢሮም፣ የልጅቷ መኝታም ነው፤ ጠረጴዛው ለምግብ ሲፈለግ ላፕቶፑ አልጋ ላይ ይወጣል። እናትየዋ ጫማዋን ሳታወልቅ ተጋደመች። ልጇ ማሰሪያውን ልትፈታላት ስትጎነበስ ከላይ ጠየቀቻት፤ ወንድምሽ ነው ያስገባኝ አለቻት። ልጅቷ አዎ አለች። ማን አዘዘው አለች እናትየዋ። እኔ አለች ልጅቷ። እናትየዋ እግሯን ሳበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምሳ ቀረበላት፣ አልበላችም። ቆይታ፣ ግድግዳውን እያየች፣ ሰውየው ልጆች እንዳሉትም አልጠየቅኩትም አለች።

ዲዛይነሯ ክሊኒኩ ደወለች። የካርድ ክፍሏን ልጅ አግኝታ የቁልፍ ሠሪውን ቁጥር ነገረቻትና፣ ሐኪሙ በሚመለስበት ቀን ቀድሞ የሚታይበት መንገድ እንደሌለ ጠየቀቻት። ልጅቷ መርዳት የፈለገች ትመስላለች። ኪቦርዷ ተንኳኳ። «ቀላል ነው፤ አስቸኳይ ብዬ ላስገባው?» አለች። ዲዛይነሯ አፏ ላይ የመጣው እሺ ነበር። ከዚያ በዚያ ቀን አምስተኛ ሆኖ የሚቀመጠውን ሌላ ሰው አሰበች። ማን እንደሆነ አታውቀውም፤ ጠዋት ግን ቁልፍ ሠሪውንም አታውቀውም ነበር። አጥብቃ ሐኪሙ ራሱ የሰውየውን ካርድ አይቶ እንዲወስን ለነርሷ ንገሪልኝ ብላ ለመነቻት። ልጅቷ እነግራታለሁ አለች፤ ድምፅዋ ግን ቃል የሚገባ ድምፅ አልነበረም።

ከዚያ ገጹን ከፈተች። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ታውቀዋለች፣ እጇ ላይ እንዲህ የሚሆንላት አልፎ አልፎ ነው። ከላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ትታለች፣ ሰው ትንፋሽ እንዲያገኝ። ቀለሙ የደከመ ዓይን የማይወጋ ሰማያዊ ነው። ፕሮግራሙ የሚወርድበት ቁልፍ አንድ ብቻ፣ ሳይፈልጉት የሚገኝ። በላይኛው ባዶ ቦታ መሀል ያ የጠዋቱ ዓረፍተ ነገር። ጠቋሚውን መጨረሻው ላይ አስቀምጣ ፊደል በፊደል ወደ ኋላ አጠፋችው። በቦታው፣ በዚያው ትልቅ ፊደል፣ «‹ተራ› ሰዎችን እንደ አመጣጣቸው ይጠራል» ብላ ጻፈች። ከሥሩ አነስ አድርጋ ቀጠለች፦ «አስቸኳይ የሚለውን ቁልፍ የነካ ሠራተኛ ግን ምክንያት ሳይጠየቅ ማንንም ማስቀደም ይችላል። ማን በማን እንደተቀደመ አይመዘገብም። ዛሬ ጠዋት የፕሮግራሙ ደራሲ እናት የገባችው በዚህ ነው፤ በእሷ ቦታ አንድ ሰው ሳይታይ ተመልሷል።» ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ለወንድሟ ላከችው።

አልደወለም። መጣ። ከከተማው ሌላ ጫፍ ድረስ ታክሲ ይዞ፣ ደረጃውን እየሮጠ ወጥቶ፣ የራሱን ላፕቶፕ እንደ ሕፃን ብብቱ ሥር ታቅፎ ገባ። ስብሰባው ሊጀመር ጥቂት ነው የቀረው። እናታችን እንዴት ናት ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቅ ወንበር ሳበ። አጥፊው አላት። አላጠፋም አለችው። ድምፃቸውን አላነሱም፤ በመሀላቸው ያለው በር ስስ ነው፣ እናት ትሰማለች። ልጅ ሆነው አባታቸው ሲተኙ የሚጣሉት እንዲህ በሹክሹክታ ነበር።

«ሁለት ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደመወዝ የለኝ፣ ትዳር የለኝ፣ እንቅልፍ የለኝ። ለማን ብዬ መሰለሽ? ያ ሰውዬ ወንበር አግኝቶ የተቀመጠው፣ ቁጥር የያዘው በኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«የደበቅኩት ነገር የለም አልኩሽ። ኮዱ ክፍት ነው።»

«ቁልፍ ሠሪው ነው ኮድ የሚያነበው? ሰው የሚያየው ይሄን ገጽ ነው። አንተ ይሄን ስጪኝ አልከኝ፣ ሰጠሁህ።»

የውስጠኛው በር ተከፈተ። እናትየዋ ጥጡን በእጇ ደግፋ፣ ባዶ እግሯን ቆማለች። ወንድ ልጇን ደግፋ ትናገራለች ብላ ዲዛይነሯ ጠበቀች፤ ወንድምየውም ለሱ ትናገራለች ብሎ ጠበቀ። እናትየዋ ግን ጽሑፉ ምን እንደሚል አንብቡልኝ አለች። ዲዛይነሯ አነበበችላት። «እኔን ከዚያ ላይ አውጡኝ» አለች እናትየዋ። «ጠዋት ሰው ሳቀብኝ፣ ቻልኩት። ያንን ሰውዬ ቀድሜ ገባሁ፣ እሱንም እችለዋለሁ። ግን ሳልጠየቅ አስገባችሁኝ፣ አሁን ደግሞ ሳልጠየቅ አደባባይ ልታወጡኝ ነው። እኔ ምን አደረግኋችሁ?» በሩን ራሷ ዘጋችው።

ዲዛይነሯ ፊቷ ጋለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ስለ እናቷ ዓይን ስትጨነቅ ስለ እናቷ ክብር አላሰበችም። ተቀመጠችና የመጨረሻዋን መስመር ሰረዘች። በቦታዋ እንዲህ ጻፈች፦ «ይህን ገጽ የሠራችው ሰው ዛሬ ጠዋት አንድ ዘመዷን በዚህ ቁልፍ አስገብታለች፤ ሌላ ሰው ሳይታይ ተመልሷል።» ሥራዋ ሥር የራሷን ስም ደህና አድርጋ በሚታይ ፊደል አኖረች። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ወንድሟ ገፋችው። የይለፍ ቃሉ አንተ ጋ ነው፣ ማጥፋት ከፈለግክ አንተ አጥፋው አለችው። ወንድምየው ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠ። አንድ ቁልፍ ነካ፣ ሌላ ቁልፍ ነካ፣ የተመረጠው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ለበሰ። ያን ጊዜ ስብሰባው ጠራ።

የጤና ቢሮ ኃላፊዋ መነጽር ያደረገች፣ ከኋላዋ የፋይል መደርደሪያ የሚታይ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። በዙሪያዋ የበጎ ፈቃደኞቹ ፊቶች በትንንሽ መስኮት ተደርድረዋል። ወንድምየው ሸሚዙን አስተካክሎ ሰላምታ ሰጠ፣ ፕሮግራሙ የት የት እንደሚሠራ አስረዳ። ገጹን ሲከፍት ከመሀል ነው የጀመረው፤ ከላይኛው ክፍል በታች፣ ከሰሌዳው ሥዕልና ከማውረጃው ቁልፍ። ዲዛይነሯ ካሜራው የማያያት ጥግ ላይ፣ አልጋዋ ጠርዝ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ኃላፊዋ ሥዕሉን ወደደችው፣ ቀለሙንም አመሰገነች፤ ሌሎች ያሳዩኝ ገጽ ሁሉ የሱቅ መስኮት ነው የሚመስለው አለች። ወንድምየው ፈገግ አለ። ፈገግታው ላይ እያለ ኃላፊዋ ኢንጂነር፣ ከላይ ያለውን አላሳዩኝም፣ እስቲ ይመልሱልኝ አለችው።

መለሰው። ሌላ መንገድ አልነበረውም። ኃላፊዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፤ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ እንደገና አደረገችው። ይሄን የጻፈው ማነው ብላ ጠየቀች። እህቴ ናት አለ ወንድምየው። ዲዛይነሯ ልትነሳ አልጋውን በእጇ ገፋች። አሳዝኗት ነበር፤ ባጠፋውስ ኖሮ ብላ አሰበች፣ ጣቱ ላይ ነበር እኮ። ኃላፊዋ ድምፅዋን ሳትለውጥ ጠየቀች።

«እውነት ነው?»

ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ ኢንተርኔቱ የተቋረጠ መስሎት ይሰማል ወይ አለ። ወንድምየው «እውነት ነው» አለ። «ድሮ ቁልፏ ምክንያት ትጠይቅ ነበር። ጥያቄዋን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ክሊኒኩ የደወልኩትም እኔ ነኝ፤ እህቴ ብቻዋን አይደለችም።»

ኃላፊዋ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፣ እንዲህ እንዳለ ግን ወደ ጤና ጣቢያዎቹ ልወስደው አልችልም አለች። አስተካክለው ሲጨርሱ ሊጽፉላት ይችላሉ፤ ነገ ግን የሌላውን ድርጅት ታያለች፣ የነሱ ከተመረጠ የሚለወጥ ነገር የለም። ደህና አምሹ ብላ መስኮቷ ጠፋ። ከቀሩት ፊቶች አንዷ፣ የሌላ ከተማዋ ነርስ፣ ጥያቄዋን ዛሬውኑ መልሼ ልጽፋት እችላለሁ አለች። ወንድምየው ጻፊያት አለ። ክሊኒኩ አውጥቶ ቢጥለንስ አለ ሌላው። ወንድምየው እንደገና ጻፊያት አለና ስብሰባውን ዘጋ።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተደግፎ ጣራውን ሲያይ ቆየ። ከሥር የላውንደሪው ማሽን ይሽከረከራል። ዲዛይነሯ ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ ለየትኛው እንደምትል ግን አላወቀችም። ውኃ ቀዳችለት፤ ጠጣው። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ እናትየዋ ከውስጥ እንዴት ሆነላችሁ ብላ ጠየቀች።

«አልሆነም፣ እማዬ» አለ።

ከዚያ የአልጋው ሽቦ ጮኸ፤ ወደ ግድግዳው ጠጋ እያለች ቦታ ትለቅ ነበር። «ና እንግዲህ፣ እዚህ ተቀመጥ። የጠብታዬ ሰዓት ደርሷል፣ አንተ ጨምርልኝ።» ወንድምየው እህቱን አየ። ዲዛይነሯ ጠርሙሷን ከጠረጴዛው አንስታ መዳፉ ላይ አኖረችለት፤ አብራው አልገባችም፣ በሩ ላይ ቆመች። አልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ጥጡን በሁለት ጣቱ አነሳ፤ ዓይኗ ቀልቶ አብጦ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። እስከ አሁን አላየውም ነበር። የመጀመሪያዋ ጠብታ ጉንጯ ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ ቅንድቧ ላይ። «ዓይኔ እኮ ወደዚህ ነው» አለች እናትየዋ። ወንድምየው ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ በክንዱ ፊቱን ጠረገና በግራ እጁ ሽፋሽፍቷን ቀስ ብሎ ከፍቶ ያዘው። እናትየዋ የልጇን እጅ አንጓ ጨበጠችለት፣ እንዲጸና። ሦስተኛዋ ገባች።